ከድር የተባለው አስትሮይድ

ሶስና ገረመው በሠላሳ ሦስት ዓመቷ አንድ መቶ አርባ ሁለት ሰው አስፈርማ ነበር። ባዶ ወረቀት ይዛ ተመልሳ አታውቅም። በምትሠራበት ኩባንያ የሥራ መደቧ «አስፈራሚ» ይባላል። ጊዜው 2079 ዓ.ም. ነው።

በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚዞሩት አስትሮይዶች ውስጥ ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ ያላቸው፣ ማንም ሳይጠየቅ ይከፈታሉ። በሟች ስም የተሰየሙትም እንዲሁ። በሕይወት ባለ ሰው ስም የተሰየመ ድንጋይ ግን ሰውየው በገዛ እጁ ወረቀት ላይ ካልፈረመ አይነካም። ሕጉ ያረጀ ነው፤ የወጣው ገና አንድም ድንጋይ ባልተነካበት ዘመን፣ ማንም ብዙ ሳያስብበት ነበር። ኩባንያው ሊያስለውጠው ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልተሳካለትም። ስለዚህ እንደ ሶስና ያሉ ሰዎችን ቀጠረ።

«መከፈት» የኩባንያው ቃል ነው። ድንጋዩ ይሰበራል፣ ይፈጫል፣ ይቀልጣል፤ ብረቱና ውሃው ተለይቶ ይጫናል። ከዚያ በኋላ የሚቀር ነገር የለም። ቃሉን ግን ሕዝቡም ለምዶታል። ጠዋት በሬዲዮ ከአየር ጠባዩ ቀጥሎ የዕለቱ ድንጋዮች ስም ይነበባል። ሰው ጥርሱን እየቦረሸ፣ ለልጆቹ ቁርስ እያቀረበ ይሰማል። የሚያውቀው ስም ሲጠራ ለዘመድ ይደውላል፤ «የአክስትህ ዛሬ ተከፈተች» ይላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ለስሙ ባለቤት ከድንጋዩ የተሠራች፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል የብረት ኩብ ትደርሰዋለች። ብዙ ቤት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጣ ትታያለች።

ሶስና ሰው አትጫንም። የሰጧትን ትበላለች፣ የልጆችን ስም ትጠይቃለች፣ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ታያለች። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ታስቀምጥና ስለ ሌላ ነገር ታወራለች። አብዛኛው ሰው ራሱ «እስቲ እንየው» ይላል። ብዙዎቹ ስማቸው ያለበትን ድንጋይ አንድም ቀን አይተውት አያውቁም፤ ምረቃ ላይ የተሰጣቸው ሽልማት ነው፣ ወይ አንድ ድርጅት ለደንበኞቹ ያደለው። ሲፈርሙ የሚሰማቸው ነገር የለም። እሷም የሚሰማት ነገር አልነበረም።

በጥር ወር የመጣላት ፋይል ከሌሎቹ ትንሽ ይለያል። «ከድር ሙዘይን፣ 81 ዓመት፣ ጎባ። ጡረታ የወጡ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ። አማተር የሥነ ፈለክ ተመልካች» ይላል። ድንጋዩን ያገኙት እሳቸው አይደሉም። ሌላ አገር ያሉ ባለሙያዎች አግኝተውት፣ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት በእሳቸው ስም የሰየሙት ነው። ምክንያቱም በአንድ መስመር ተጽፏል፦ ከቤታቸው ግቢ ሆነው የደበዘዙ አስትሮይዶችን ብርሃን ለዓመታት ያለማቋረጥ ስለ ለኩ። ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሆን ድንጋይ ነው።

ሶስና ጠዋት በባቡር ሮቤ ደረሰች፤ ከዚያ በአውቶቡስ ጎባ ገባች። ቀጠሮዋ ከሰዓት በኋላ ስለነበር አንዲት ትንሽ ሆቴል ክፍል ያዘችና ከቢሮ የተላከላትን እሽግ ከፈተች። ወረቀቱ አለ። እስክሪብቶው አለ። ከሥር፣ በስፖንጅ ተጠቅልላ፣ ኩብ ነበረች።

ኩብ በእሽግ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ገልብጣ አየቻት። ከታች በኩል ተቀርጾባታል፦ «ከድር። ጥቅምት 19 ቀን 2079»።

ለአለቃዋ ለአቶ ኢሳያስ ደወለች።

«ኩቧ አብራ መጥታለች» አለቻቸው።

«የምን ኩብ?»

«የከድር። የጥቅምት ቀን ተጽፎባታል።»

«የዕቃ ግምጃ ቤት ሰዎች ስህተት ነው» አሉ አቶ ኢሳያስ። «እዚያው አስቀምጫት። ይዘሻት እንዳትገቢ።»

«ድንጋዩ ተከፍቷል ማለት ነው?»

«መስከረም ላይ ነው የተከፈተው፤ ጥቅምት ኩቧ የተሠራችበት ቀን ነው። ወረፋውን የሚያወጣው ማሽን ስማቸውን ከሟቾች ዝርዝር ውስጥ አገኘው። ሌላ ሰው ሞቶ ነው፤ ስሙ አንድ ዓይነት ነው። ማንም ሆን ብሎ ያደረገው ነገር የለም።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«እንደ ሁልጊዜው ነው። የቀኑን ቦታ ክፍት ተይው፤ እኛ እንሞላዋለን። ስሚኝ ሶስና፣ ይሄ ከታወቀ ፈቃዱ ይታገዳል፤ ያ ሁሉ ሠራተኛ ይበተናል። እሳቸው እንደሆነ የሚጎዱት ነገር የለም። ከዚህ ሆነው አያዩት፣ አይነኩት።»

ስልኩን ዘጋች። በመስኮት በኩል ወደ ሮቤ የሚመለሰው አውቶቡስ ሰው እየጫነ ነበር። በኋላ ፈቃድ ለሚሰጠው ኮሚሽን ቃሏን ስትሰጥ ይህችን ሰዓት ደጋግማ አነሳቻት። «መሄድ እችል ነበር» አለች። «አውቶቡሱ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር። የያዘኝ ሰው አልነበረም።» ኩቧን ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ ከሻንጣዋ ሥር ከተተችና ፊቷን ታጥባ ወጣች።

የአቶ ከድር ቤት ከከተማው ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። የግቢውን በር የከፈተችላት ልጃቸው ሙና ናት፤ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት፣ በጤና ጣቢያ የምትሠራ ሴት። «ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቀሽ ነው» አለቻት። «ሸሚዝ ቀይሯል።»

አቶ ከድር ቀጭን፣ ረዥም ሽማግሌ ናቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። ግቢው ጥግ ላይ ጣሪያው የሚንሸራተት የቆርቆሮ ክፍል አለ፤ ከመግባቷ በፊት ወደዚያ ወሰዷትና ቴሌስኮፑን አሳዩዋት። ከሳቸው ቁመት ይበልጣል። የተወለወለ ነው።

«መስታወቱን ያመጣሁት ከሁለት ወር ደመወዜ» ብለው ጀመሩና ተዉት። «ሥራዬ ቆጣሪ ማንበብ ነበር። ቀን የሰው ቤት ቁጥር አነባለሁ፣ ማታ ደግሞ እዚህ። ሁለቱም አንድ ሥራ ነው። ሄደሽ ታያለሽ፣ ያየሽውን ትጽፊያለሽ።»

«ስንት ዓመት ሠሩ ጋሽ ከድር?»

«እዚህ ክፍል? ሃምሳ ሁለት።»

ቤት ገብተው ሙና ጭኮና ሻይ በወተት አቀረበች። ሶስና እንደ ልማዷ በላች፣ ሙናን ስለ ጤና ጣቢያው ጠየቀቻት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠች። አቶ ከድር ግን ወረቀቱን አላዩትም። እሷን ነበር የሚያዩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ድንጋዩ አለ?»

«አቤት?»

«አሁን፣ ዛሬ። አልተነካም?»

«አልተነካም» አለች ሶስና። «የሚነካ ቢሆን እኔ ለምን እመጣለሁ?»

አቶ ከድር ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርግጠኛ ነሽ?» አሏት። የሚከራከር ሰው አነጋገር አልነበረም። ሐኪም የሚጠይቅ ሰው ነበር የሚመስሉት።

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ፎቶ አላችሁ?»

ነበራት። ፋይሉ ላይ ያለውን ፎቶ በሰሌዳ ኮምፒውተሯ ከፍታ ሰጠቻቸው። ክብ፣ ጉድጓድ የበዛበት፣ ግራጫ ድንጋይ ነው። አስፈራሚዎች ሁሉ ፎቶውን ያውቁታል፤ እውነተኛ ፎቶ ለሌለው ፋይል ሁሉ የሚለጠፍ የናሙና ፎቶ ነው። አቶ ከድር ማጉያ መነጽር አምጥተው ጎንበስ ብለው አዩት። ብዙ ቆዩ።

«ክብ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«እኔ ረዥም ይመስለኝ ነበር። ብርሃኑ ከፍ ዝቅ የሚለው… እንደ ኦቾሎኒ ወገቡ የቀጠነ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ለሠላሳ ዓመት እንደዚያ ነበር የማስበው።» ቀና አሉ። «ይሄ ራሱ ነው?»

ሙና ከበሩ አጠገብ ቆማ አባቷን ታያለች። ሶስና እዚህ ላይ ልታቆመው ትችል ነበር። «ካሜራው በቅርብ ነው ያነሳው» አለች። «ከሩቅ ሲታይ ይለያያል።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ አቶ ከድር በዝግታ። «በቅርብ ያየ ይበልጣል።»

ማጉያውን አጥፈው ወደ ኪሳቸው ከተቱና ወረቀቱን ሳቡ። ፈረሙ። ሶስና ወረቀቱን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ፣ እሳቸው የቀኑን ቦታ አይተው «ረሳሽው» አሉና በቆጣሪ አንባቢ ጥንቁቅ ቁጥሮች ጻፉበት፦ «ጥር 12 ቀን 2079፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40»። ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም፤ ከጎን ነው የጻፉት። ልትከለክላቸው የምትችልበት ምክንያት አላገኘችም።

ሲሸኟት፣ እስከ ግቢው በር መጥተው፣ «ስለ መጣሽ ደስ ብሎኛል» አሏት። «ሰሞኑን ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር።» ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቀችም።

አዲስ አበባ ስትመለስ አቶ ኢሳያስ ቀኑን አይተው ተነፈሱ እንጂ አልተቆጡም። በማግስቱ ሌላ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ቀረበ። የአቶ ከድር ፊርማ አለበት። ቀኑ «ነሐሴ 12 ቀን 2078» ይላል፤ በራሳቸው በአቶ ከድር የእጅ ጽሑፍ፣ ያው ጥንቁቅ ቁጥር፣ ያው ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሁለት። የእጅ ጽሑፍ የሚያስመስል ማሽን ነው የጻፈው። ከሥሩ «ሲፈርሙ በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል የምስክር መስመር አለ። ሶስና ፈረመችበት። ያን ቀን ምሳዋን በልታለች፤ ምን እንደበላች ግን አታስታውስም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጠዋት ጥርሷን ስትቦርሽ ሬዲዮው የዕለቱን ድንጋዮች አነበበ። ሦስተኛው «ከድር» ነበር። ኩባንያው ነገሩን ለማስተካከል አሁን እንደተከፈተ አድርጎ አስነግሮት ነው። ሬዲዮውን አጠፋችው። ከዚያ ቀን በኋላ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ መክፈት ተወች፤ እናቷ ስትጠይቃት «ይረብሸኛል» አለቻት። በመጋቢት የአስፈራሚዎች ኃላፊ አደረጓት። ለአዲሶቹ አነጋገሯን፣ አቀማመጧን አስተማረች። አንዲት ሠልጣኝ «ድንጋዩን አሳዩኝ ቢሉስ?» ብላ ስትጠይቃት ክፍሉን ለቃ ወጣች፤ ስትመለስ «ራሴን አሞኛል» አለች።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ፋይል ስታጣራ የሕዝብ መዝገቡን መክፈት አስፈለጋት። መዝገቡ የድንጋዮች ሁሉ ስምና ቁጥር ያለበት ሲሆን ድሮ አማተሮች የለኩትን የሚልኩበት ገጽም አለው። ገጹን ማንም አይጠቀምበትም፤ ማንም ስላልዘጋው ብቻ ክፍት ነው። ሶስና «ከድር» ብላ ጻፈች። ለምን እንደጻፈች ለራሷም አልገባትም።

አንድ ሰው ብቻ ነበር የጻፈው። ሺህ ሁለት መቶ ያህል ምዝገባ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር። የመጨረሻውን ዓመት አነበበች።

«መስከረም 21። ከወትሮው ደምቋል። መሣሪያዬን ፈተሽኩ፤ ደህና ነው።

መስከረም 24። አሁንም ደማቅ ነው። ዙሪያው ጭጋግ አለው።

ጥቅምት 3። መሽከርከሩን መለካት አልቻልኩም።

ጥቅምት 30። የተበተነ ይመስላል።

ኅዳር 14። በቦታው ምንም የለም።

ኅዳር 15። የለም።»

ከዚያ በኋላ ሰማይ በጠራበት ቀን ሁሉ «የለም» ተብሎ ተጽፏል። እስከ ጥር 12 ድረስ ሠላሳ አንድ ጊዜ ቆጠረች።

«ጥር 12። ከኩባንያው እንግዳ መጣች። ድንጋዩ እንዳለ ነው አለች፤ ፎቶም አሳየችኝ። ሲመሽ እንደገና አየሁ። የለም።

ጥር 13። እንግዳዋ የምትዋሽ ሰው አትመስልም። ስሌቴን ከመጀመሪያው ሠራሁት። አሁንም የለም።

ጥር 21። ቅርጹንም ተሳስቻለሁ፤ ክብ ነው። ቅርጹን ከተሳሳትኩ ቦታውንም ተሳስቼ ይሆናል። ዓይኔም፣ እጄም፣ መሣሪያዬም አርጅተዋል። ከዚህ በፊት የላክኋቸው ልኬቶች እንዳይታመኑ ይሁን። ስህተቱ የእኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አቁሜያለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

ሶስና በሥራ ሰዓት፣ ሰው በተሞላ ክፍል ውስጥ፣ ይህንን አራት ጊዜ አነበበችው። አቶ ኢሳያስ «የሚጎዱት ነገር የለም» ያሉትን አስታወሰች፤ እሷም አምናቸው እንደነበር አስታወሰች። አንድ ሰው ሃምሳ ሁለት ዓመት የለካውን በሁለት ቃል አስጥላዋለች። «እርግጠኛ ነኝ» ነበር ያለችው።

በዚያ ሳምንት ከኩባንያው መዝገብ ቤት የድንጋዩን እውነተኛ ፎቶዎች አወጣች። ድንጋዩን የሚሰብረው ማሽን ከመንካቱ በፊት ሲቀርበው ያነሳቸው አሥራ ሰባት ፎቶዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ስታይ ወንበሯ ላይ ተደገፈች። ረዥም ነው። ወገቡ ቀጭን ነው። ሁለት ራስ ያለው ኦቾሎኒ ነው የሚመስለው።

ሰኔ 4 ቀን ጎባ ደረሰች። ዝናብ ያካፋል። በሩን የከፈተችላት ሙና ናት፤ ግቢ ግቢ አላለቻትም።

«ምን ቀረሽ?» አለቻት።

«እትዬ ሙና፣ ጋሽ ከድርን ላነጋግራቸው ነው።»

«አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል» አለች ሙና። ድምጿን አላነሳችም። «መነጽሩን ሦስት ጊዜ አስለወጠ። መድኃኒቱን በትክክል መዋጡን እኔን ይጠይቀኛል። ‹ዛሬ ማክሰኞ ነው አይደል?› ይለኛል። ሃምሳ ዓመት ቀን ስቶ የማያውቅ ሰው።»

ሙና አይታት፣ አይታት፣ ከበሩ ዞር አለች።

የቆርቆሮው ክፍል በር ተከፍቶ ነበር። ድንች በጆንያ ተደርድሮበታል። ቴሌስኮፑ ከጆንያዎቹ ኋላ በላስቲክ ተሸፍኗል። አቶ ከድር ቤት ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። አዩዋትና ሊነሱ ሞከሩ።

«አይነሱ» አለች። እሷም አልተቀመጠችም። በባቡር ስትመጣ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ አንዱም አልመጣላት። «ዋሽቻለሁ» አለች። «ያን ቀን ድንጋዩ አልነበረም። መስከረም ላይ ተከፍቷል። አውቅ ነበር። ፎቶውም የሌላ ነው።»

ሙና ከኋላ ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«መስከረም ስንት?» አሉ አቶ ከድር።

«ሃያ አንድ።»

«ሃያ አንድ» አሉ ደግመው። «ያን ቀን ደምቆ ነበር።»

«ልክ ነበሩ። ሁሉንም ልክ ነበሩ።»

ሰሌዳውን ከፍታ ፎቶዎቹን በጉልበታቸው ላይ አደረገችላቸው። ማጉያቸውን ፈልገው ከኪሳቸው አጡት፤ ሙና ከመሳቢያ አምጥታ ሰጠቻቸው። አሥራ ሰባቱንም አንድ በአንድ አዩ። በአንደኛው ላይ ጣታቸውን አድርገው የቀጠነውን ወገብ እየተከተሉ ወሰዱት።

«ሙና፣ ነይ እይው» አሉ። «እንደዚህ ነበር የሚመስለው።»

ሶስና ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር አቶ ከድር እጃቸውን አነሱ።

«ለእኔ ብቻ ከሆነ የነገርሽኝ ትንሽ ነው» አሉ። «መዝገቡ ላይ ልኬቶቼ አይታመኑ ብዬ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። እሱን እኔ ብሰርዘው ሽማግሌ ሐሳቡን ለወጠ ነው የሚባለው። ሌላ ሰው ነው መጻፍ ያለበት። የሚያውቅ ሰው።»

«እጽፋለሁ።»

«ሥራሽን ታጪያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ» አሉ። ሙና ሻይ አመጣች። ለአባቷ ሰጠቻቸው፤ የሶስናን ስኒ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው እንጂ በእጇ አላቀበለቻትም።

ሶስና አዲስ አበባ ተመልሳ ለፈቃድ ኮሚሽኑ አመለከተች። የሐሰቱን ወረቀት፣ ኩቧን፣ የምስክርነት ፊርማዋን አቀረበች። ችሎቱ በመስከረም ሁለት ቀን ፈጀ። የኩባንያው ጠበቃ አስፈራሚዋ በግል ቂም እንደተነሳች ተናገረ፤ ኮሚሽኑ ግን የአቶ ከድርን ልኬት ከማሽኑ የሥራ መዝገብ ጋር አስተያይቶ እያንዳንዱ ቀን አንድ ሆኖ አገኘው። ድንጋዩ የተሰበረበትን ሰዓት ሳይቀር። ኩባንያው ለሦስት ወር ታገደ። አቶ ኢሳያስ ከኃላፊነታቸው ተነሱ። ሶስናም በሐሰት ምስክርነት ከሙያው ታገደች፤ አሁን አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች። ከሦስት ወር በኋላ ኩባንያው ሥራውን ቀጠለ፣ ሬዲዮውም ስሞቹን ማንበቡን ቀጠለ። በሕዝብ መዝገቡ ላይ ከአቶ ከድር የጥር 21 ጽሑፍ ሥር «ስህተቱ የተመልካቹ አይደለም» የሚል ማስተካከያ ገባ። ጽሑፉ የሶስና ነው።

ሕጉ ለአቶ ከድር ሌላም ነገር ይፈቅድላቸው ነበር። ስም ያለው ድንጋይ ያለ ፈቃድ ከጠፋ ባለቤቱ ምትክ መርጦ ይሰይማል። ደብዳቤው ሲደርሳቸው ሶስናን አስጠሯት። በጥቅምት፣ ፀሐይ በሞላበት ከሰዓት በኋላ፣ ግቢያቸው ውስጥ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ድንቹ ወጥቶ የቆርቆሮው ክፍል ተጠርጓል።

«መርጫለሁ» አሉ። «ለሃያ ዓመት የለካሁት ነው፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ስሙን ሶስና ብዬዋለሁ።»

ሶስና የሰማችውን አላመነችም። «ጋሽ ከድር፣ እባክዎ እንደሱ አያድርጉ። አይገባኝም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ለአንቺ ብዬ አይደለም። ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሠላሳ አራት።»

«እኔ ሰማንያ ሁለት ነኝ። በእኔ ስም ቢሆን ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ አምስት ዓመት ይቆይለታል። በአንቺ ስም ግን እኔ ካለፍኩ በኋላም ይዞራል። ካልፈረምሽ።»

«ሙናስ? በሙና ስም ያድርጉት።»

«ጠየቅኋት። ‹እኔ እንድጠብቀው ከሆነ እጠብቃለሁ፤ እሷ ግን ብትጠብቀው ይሻላል› አለችኝ።»

ሙና ልብስ እያሰጣች ነበር። ወደነሱ አልዞረችም።

ስያሜው በታኅሣሥ ጸደቀ። መዝገቡ ስለ ስሙ ባለቤት አንድ መስመር እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው የሚጽፈው ማዕረግና ሽልማት ነው። አቶ ከድር የላኩት እንዲህ ይላል፦ «ሶስና ገረመው፣ የኩባንያ ሠራተኛ የነበረች። የሌለውን አለ አለች፤ ከዚያ ተመልሳ መጥታ የለም አለች።»

እሳቸው ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ለክተው አረፉ። የመጨረሻው ልኬታቸው የ«ሶስና» ነው። ሙና ከቀብሩ በኋላ ለሶስና ደውላ ነገረቻት፤ ሌላ ብዙም አልተነጋገሩም፤ ግን በየዓመቱ በዚያ ቀን ትደውላለች።

በየስድስት ወሩ አንዲት አስፈራሚ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ትመጣለች። ትሑት ናት፣ ያቀረቡላትን ትጠጣለች፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ታስቀምጣለች። ሶስና አትፈርምም። መንገድ ስትሻገር እንደ ድሮው አትቸኩልም፤ ምርመራ አታሳልፍም፤ ጉንፋን ሲይዛት ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች። ከራሱ ሌላ የሚጠብቀው ነገር እንዳለው ሰው ነው የምትኖረው።

አንዳንድ ሰው በስሟ አስትሮይድ እንዳለ ሰምቶ እንኳን ደስ አለሽ ይላታል፤ ምን ሠርተሽ ነው ብሎ ይጠይቃታል። አብዛኛውን ጊዜ ትነግረዋለች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ደክሟት ወይም አፍራ «እንዲሁ የሰየሙልኝ ነው» ብላ የምታልፍበት ቀንም አለ። ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ራት አይበላላትም።